የዳኛ ዊልያም ፓስተን ዘር፦ የአንድ መካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊ የሕግ ሰው የትውልድ ሐረግ እንዴት ይመረመራል

በ1466 የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ፣ በምሥራቅ እንግሊዝ በኖርፎክ የሚኖሩት ፓስተኖች ከጥንት ጀምሮ ጨዋዎች፣ ጉልትና ገባር የነበራቸው፣ ዘራቸውም ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከያዙበት ጊዜ አንስቶ ሳይቋረጥ የሚቆጠር ቤተሰብ መሆናቸውን አረጋገጠ። በዚያው ዘመን በዚያው ቤተሰብ ላይ ጠላቶቻቸው የጻፉት ሌላ ወረቀት ደግሞ፣ ክሌመንት ፓስተን የተባለው አያታቸው ክረምት ከበጋ ከማረሻው ኋላ የሚውል፣ እህሉን በፈረስ ጀርባ ላይ አንጥፎ ያለ ኮርቻ እላዩ ላይ ተቀምጦ ወፍጮ የሚወርድ ገበሬ እንደነበረ ይናገራል። በእነዚህ በሁለቱ ጽሑፎች መካከል የቆመው የክሌመንት ልጅ ዊልያም ነው። ዊልያም የሕግ ሰው ነበር፤ ቤተሰቡን ያነሣውም፣ ለጥርጣሬ ያጋለጠውም ሕግ ነው። የእንደዚህ ያለ ሰው ዘር በምን መንገድ እንደሚመረመር፣ የትኛው ማስረጃ እንደሚታመንና የትኛው እንደሚያሳስት ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ፓስተን በ1378 ተወልዶ በኦገስት 1444 ለንደን ውስጥ ሞተ። ሕግ ተምሮ የኖርፎክ መስፍን የርስት አስተዳዳሪ ለመሆን በቃ፤ ከዚያም የሕግ ሰርጀንት ሆነ። ይህ ማዕረግ ኮመን ፕሊስ በሚባለው፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው በመሬትና በዕዳ በሚካሰሱበት ታላቅ ፍርድ ቤት፣ ቆመው የመከራከር መብት የነበራቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚደርሱበት ነበር። በ1429 በዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ ደመወዙም በዓመት 110 ማርክ፣ ማለትም ከ73 ፓውንድ ትንሽ የሚበልጥ ነበር። በዚያ ዘመን መሬት መግዛት ለሚፈልግ ሰው ከጦርነትና ከጋብቻ ቀጥሎ እንደ ሕግ ያለ አቋራጭ አልነበረም። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እርስ በርሳቸው የተጻጻፉት ከሺህ በላይ ደብዳቤና ሰነድ እስከ ዛሬ ስለተረፈ፣ ፓስተኖች ከዘመናቸው አነስተኛ ባላባቶች ሁሉ ይበልጥ የሚታወቁ ሆነዋል። ይሁን እንጂ ደብዳቤዎቹ በብዛት የሚጀምሩት ቤተሰቡ ከፍ ካለ በኋላ ነው። ከዊልያም በፊት ያለውን ለማወቅ ወደ ሌላ ዓይነት መዝገብ መውረድ ያስፈልጋል።

የዘሩ ጉዳይ የክብር ወሬ ብቻ እንዳልነበረ አስቀድሞ ማስተዋል ይገባል። በእንግሊዝ ሕግ ገባር ሆኖ የተወለደ ሰው የገዛውን መሬትም ሆነ ያፈራውን ንብረት ጌታው በፈለገ ጊዜ ሊወስድበት ይችል ነበር። የዳኛው የበኩር ልጅ ጆን፣ በ1459 የሞተውን የሀብታሙን ወታደር የሰር ጆን ፋስቶልፍን ሰፊ ርስትና የኬይስተርን ግንብ በኑዛዜ ወርሻለሁ ብሎ በተነሳ ጊዜ፣ ተቀናቃኞቹ ኑዛዜውን በመቃወም ብቻ አልተመለሱም፤ ሰውየው የንጉሥ ገባር ነው የሚል ክስ አነሱበት። ክሱ ቢጸና የፋስቶልፍ ርስት ብቻ ሳይሆን አባቱ ያወረሰውም ሁሉ ይሄድ ነበር። የንግሥቲቱ ወንድም ሎርድ ስኬልስ ንብረቱን ለመያዝ ተነሳ። ጆን በ1465 ፍሊት በሚባለው የለንደን እስር ቤት ታሰረ፤ በሜይ 1466 ሞተ፤ ንጉሡ ለቤተሰቡ የፈረደው እርሱ ከተቀበረ በኋላ ነው። በእኛ አገር በርስት ሙግት አባት ከአያት፣ አያት ከቅድመ አያት እየተቆጠረ የሚወርደው ለመሬት ሲባል እንደነበረ የሚያውቅ አንባቢ፣ በፓስተኖችም ዘንድ ዘር የተቆጠረው መሬት በተነካ ጊዜ መሆኑ አይደንቀውም።

አሁን ወደ አመራመሩ እንምጣ። በእንግሊዝ የሰበካ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፉ የታዘዘው በ1538 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የኖረ ሰው ልደት በቀጥታ የሚገኝበት መዝገብ የለም ማለት ይቻላል፤ ከነገሥታትና ከታላላቅ መኳንንት በቀር የብዙ ሰው የትውልድ ዓመት የሚታወቀው በስሌት ነው። በዚህ ምክንያት መርማሪው ሰውን በልደቱ ሳይሆን በመሬቱ ይከተለዋል። መሬት ሲሸጥ፣ ሲወረስ፣ በጥሎሽ ሲሰጥ፣ ሲያካስስ ጽሕፈት ይከተለዋል፤ በጽሕፈቱ ውስጥ ደግሞ «የእገሌ ልጅ»፣ «የእገሌ ሚስት የነበረች»፣ «የእገሌ ወራሽ» የሚሉ ቃላት ይገኛሉ። አካሄዱ ከታወቀው ወደ ኋላ፣ አንድ ትውልድ በአንድ ትውልድ መሆን አለበት። ከጥንት ስም ጀምሮ ወደ ፊት የሚቆጥር ሰው የሚፈልገውን ማግኘቱ አይቀርም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ ማነር የሚባለው ጉልት የፍርድ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ጉልት የራሱ አነስተኛ ችሎት ነበረው፤ ገባሮች መሬት ሲለዋወጡ፣ ሲሞቱ፣ ሴት ልጃቸውን ሲድሩ፣ ከብታቸው የጌታውን እህል ሲበላ በዚያ ችሎት ይጻፍ ነበር። ገባር ልጁን ለመዳር ለጌታው ይከፍላል፤ ሲሞትም ከከብቶቹ ምርጡ ለጌታው ይሄዳል። አንድ ሰው ይህን ዓይነት ክፍያ ሲከፍል ከተገኘ የገባርነት ምልክት ነው። የፓስተን መንደር ከሰሜን ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ከኖርዊች ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ናት፤ አጠገቧ ያለው ትልቁ ጉልት ጊሚንግሃም የላንካስተር ዱቺ፣ ማለትም የንጉሡ የግል ይዞታ ነበር። ጆንን «የንጉሥ ገባር» ያሰኘውም ይህ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የመሬት ዝውውር የሚጸናበት የፍርድ ቤት ስምምነት ነው። ገዢና ሻጭ ሙግት ያላቸው መስለው ኮመን ፕሊስ ፊት ይቀርቡና ይታረቃሉ፤ ዕርቁ በአንድ ብራና ላይ ሦስት ጊዜ ይጻፋል። ብራናው በተወላገደ መስመር ይቆረጥና አንዱ ለገዢ፣ አንዱ ለሻጭ ይሰጣል፤ የግርጌው ቁራጭ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ይቀራል። ማጭበርበር ቢመጣ ሦስቱ ቁራጮች ሲገጠሙ ይታወቃል። የግርጌውን ቁራጭ በመዝገብ ቤት ማኖር የተጀመረው በ1195 ሲሆን፣ ልማዱ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ስለቆየ ለትውልድ ምርምር እንደዚህ ያለ ሀብት ብዙ የለም። ባልና ሚስት አብረው ሲሸጡ የሚስቲቱ ስም ይጻፋል፤ አንድ መሬት በባል ስም ተሸጦ ሚስቲቱም ካለችበት፣ መሬቱ የመጣው በእርሷ በኩል ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ነው።

የዊልያም ግዢዎች በዚህ መንገድ ሲደረደሩ የቤተሰቡ አነሳስ ግልጽ ሆኖ ይታያል። በተወለደበት መንደር ቁራሽ በቁራሽ ይገዛል፤ ኦክስኔድ የተባለውን ጉልት ይገዛል፤ በ1427 የግሬሻምን ጉልት ከቶማስ ቾሰር፣ ከባለቅኔው ከጄፍሪ ቾሰር ልጅ፣ ይገዛል። ከአባቱ የወረሰው ጉልት ግን በዝርዝሩ ውስጥ አይታይም። ከጥንት ጉልት የነበረው ቤተሰብ ልጅ በገዛ መንደሩ እንደዚህ ተሯሩጦ መሬት የሚገዛበት ምክንያት ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ብቻ ባይፈርድም ሚዛኑን ያዘነብላል።

ባላባት ሲሞት የንጉሡ ሹም የአካባቢውን ሰዎች አስምሎ ሟቹ ምን መሬት ከማን እንደያዘ፣ ወራሹ ማን እንደሆነና ዕድሜው ስንት እንደሆነ ይመረምር ነበር። ይህ የድኅረ ሞት ምርመራ ለዘር ቆጣሪ ከሁሉ የጣፈጠ ማስረጃ ይመስላል፤ ነገር ግን ሟቹ የሕግ ሰው ሲሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሕግ አዋቂዎቹ መሬታቸውን በቁማቸው ለታመኑ ሰዎች በአደራ ያስተላልፉ ነበር፤ በሕግ ፊት ባለ መሬቶቹ ባለ አደራዎቹ ይሆናሉ፣ ጥቅሙን የሚበላው ግን የቀድሞው ባለቤት ነው። ሲሞት «ምንም መሬት አልያዘም» ተብሎ ቢጻፍ ሐሰት አይደለም። ሙያው ከንጉሡ ሹም ያስመለጠው ሰው ከእኛም ያመልጣል ማለት ነው። ስለዚህ የሕግ ሰው ድኅረ ሞት ምርመራ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ድኻ ነበር ከማለት በፊት የባለ አደራዎቹን ስም መፈለግ ይሻላል። ባለ አደራዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦችና የቅርብ ቄሶች ስለሆኑ፣ ስማቸው ራሱ የሰውየውን ዙሪያ ያሳያል።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስም ነው። «ፓስተን» የመንደር ስም ነው። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መዝገብ ውስጥ «የፓስተኑ ሪቻርድ» የሚል ሰው ቢገኝ፣ ከዚያ መንደር መምጣቱን እንጂ የክሌመንት አያት መሆኑን አያሳይም። ከአንድ መንደር የወጡ ሦስት ዝምድና የሌላቸው ቤቶች ያው ስም ሊኖራቸው ይችላል፤ በአንጻሩ አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ሁለት ስም ሊይዝ ይችላል። የዊልያም እናት ወንድም ጄፍሪ ሶመርተን የሚጠራው በመንደር ስም ነው፤ ከላይ ያልነው የጠላት ወረቀት ግን እውነተኛ ስሙ ጎኔልድ ነው ይላል። ወደ ከተማ የወጣ፣ የተማረ፣ ቤተሰቡን ወደ ኋላ የተወ ሰው ስሙን ቢለውጥ ያልተለመደ አልነበረም። ስሙ ብቻ ገጠመ ተብሎ የተያያዘ ሐረግ ሁሉ፣ መሬቱም አብሮ ካልተያያዘ፣ ገና ያልተረጋገጠ ነው።

በሌላ በኩል ሕጉ ራሱ የረዳን ቦታ አለ። በ1413 የወጣ ድንጋጌ በተወሰኑ ክሶች የተከሳሹ ማዕረግ ወይም ሙያና የሚኖርበት ቦታ ከስሙ ቀጥሎ እንዲጻፍ አዘዘ። ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ውስጥ «ገበሬ»፣ «ነጋዴ»፣ «ጨዋ» የሚሉ ቅጽሎች በብዛት ይታያሉ። አንድ ሰው በአንዱ ክስ ገበሬ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በሌላው ጨዋ ተብሎ ከተገኘ መሰላሉን ሲወጣ ያዝነው ማለት ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ የ1379ኙ የነፍስ ወከፍ ግብር ተመን ሕግ አዋቂዎች በገንዘብ የት እንደተቀመጡ ያሳያል፦ ዳኛ 100 ሽልንግ፣ ሰርጀንት 40 ሽልንግ፣ ተራ ነገረ ፈጅ 6 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ሲከፍል፣ ባለ ትዳሩ ተራ ገበሬ ከነሚስቱ የሚከፍለው 4 ፔንስ ነበር።

የሕግ ሰው ከሌላው ባላባት የሚለየው በየችሎቱ ዱካ ጥሎ ስለሚያልፍ ነው። የኮመን ፕሊስ መዝገብ ከ1273 ጀምሮ ያለ ብዙ መቋረጥ ተርፏል፤ በዓመት አራት የችሎት ወቅቶች ነበሩ፤ በዊልያም ዘመን የአንዱ ወቅት መዝገብ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ረጃጅም ብራናዎች በራስጌያቸው ተሰፍተው የተያያዙበት ክምር ነው። ጀማሪው በዚያ ውስጥ የሌሎች ነገረ ፈጅ ሆኖ ይታያል። ደንበኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደሚመጡ ሲታይ የራሱ ቤተሰብ የተተከለበት ቦታ ይገመታል፤ ወጣት የሕግ ሰው ገበያውን የሚጀምረው ከሚያውቁት ሰዎች ነውና። ከፍ ሲል ክርክሩ፣ የችሎት ክርክሮች በተመዘገቡባቸው «የዓመት መጻሕፍት» ውስጥ፣ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በሚጠቀሙበት የሕግ ፈረንሳይኛ ይገኛል፤ ዊልያምም በሄንሪ 6ኛ ዘመን መጻሕፍት ውስጥ «ፓስተን» እየተባለ ሲከራከር ይነበባል። ማኅበራቸው በሆኑት የለንደን የሕግ ቤቶች መዝገብ መተማመን ግን አይቻልም፤ ቀድሞ የሚጀምረው የሊንከን ኢን ጥቁር መጽሐፍ እንኳ ከ1422 ወደ ኋላ አይሄድም፤ የመካከለኛው ቴምፕል ከ1501፣ የውስጠኛው ቴምፕል ከ1505 ነው። ስለዚህ ዊልያም በወጣትነቱ የት እንደተማረ በአባልነት ዝርዝር መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

የሕግ ሰው ሌላው በረከቱ ጠላቶቹ ናቸው። ዊልያም በ1426 በጻፈው ደብዳቤ ሦስት ባላንጣዎቹን በስም ይቆጥራል፦ ብሮምሆልም በተባለው ገዳም ጉዳይ የሚሟገተውን «ያን የተረገመ ጳጳስ»፣ በስፕራውስተን ጉዳይ ዋልተር አስላክን፣ በቶርንሃም ጉዳይ ጁልያን ኸርበርድ የተባለችውን ሴት። አንዳቸውንም አልበደልኩም፣ እነርሱ ግን ክፉኛ ያውኩኛል ሲል ያማርራል። የአስላክ ነገር ቀልድ አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በፊት በኖርዊች ውስጥ በተለጠፉ ጽሑፎች ዊልያምን እንደሚገድለው ዝቶበት ነበር። በ1434 ደግሞ ዊልያም ዳሊንግ የተባለ ሰው፣ የንጉሥ ደመወዝ የሚበላው ዳኛ ከወገኖችም ገንዘብ ይቀበላል ብሎ ለፓርላማ አቤት አለ። ዝርዝሩ የሚገርም ነው፦ ከያርማውዝ ከተማ በዓመት 50 ሽልንግ፣ ከኖርዊች ገዳም አለቃ 40 ሽልንግ፣ ከሊን ከተማ 40 ሽልንግ፣ ከሌሎችም እንዲሁ። ክሱ በቅንነት ይሁን በቂም የቀረበ፣ ለዘር መርማሪ የደንበኞቹን ካርታ በእጁ ያስገባለታል፤ በዘመኑ ደግሞ ለዳኛ ዓመታዊ ስጦታ መስጠት ብዙዎች የሚያደርጉት ነገር ነበር።

የሴቶቹን መስመር የሚተው ሰው ግማሹን ታሪክ ይተዋል። ዊልያም በ1420፣ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ፣ የሰር ኤድመንድ ቤሪ ልጅና ወራሽ የሆነችውን አግነስን አገባ። እርሷም በኖርፎክ ማርሊንግፎርድን፣ በሰፎክ ስታንስቴድን፣ በሃርትፎርድሽር ኦርዌልበሪን ይዛ መጣች፤ በዚያ ላይ ዊልያም ኦክስኔድን ለመተዳደሪያዋ መደበላት። እውነተኛ የባላባት ደም ወደ ፓስተን ቤት በማያሻማ መንገድ የገባው በዚህች ሴት በኩል ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ 35 ዓመት ስለኖረችም ብዙው መሬት እስከ 1479 ድረስ ከእጇ አልወጣም፤ የልጆቿ ጭቅጭቅ ምንጩ ከፊሉ ይኸው ነው። በፌብሩዋሪ 1445 ለንደን ሕግ ለሚማረው ልጇ ለኤድመንድ ስትጽፍ የአባቱን ምክር እንዳይረሳ ታስጠነቅቀዋለች፤ በፓስተን የሚኖር ሰው ራሱን መከላከል ማወቅ ያስፈልገዋል ይል ነበር ትላለች። ዊልያም በሞቱ ዋዜማ በ1443 በመንደሯ የሚያልፈውን የሕዝብ መንገድ ለማዛወር የንጉሥ ፈቃድ አውጥቶ ነበር፤ እርሱ ካለፈ በኋላ መበለቲቱ በዚያ ያሠራችውን ግንብ የመንደሩ ሰዎች አፈረሱባት። እነዚያ ጎረቤቶች የፓስተንን ቤት እንደ ጥንት ጌታቸው ይቆጥሩት እንደነበር ማመን ይከብዳል።

እንግዲህ ወደ ክሌመንት እንመለስ። ክሌመንት በ1419 ሞቶ በፓስተን ቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን፣ አስቀድማ በ1409 ከሞተችው ከሚስቱ ከቢያትሪስ አጠገብ ተቀበረ። ኑዛዜው ተርፏል፤ ይዘቱ የመንደር ሰው ኑዛዜ እንጂ የጉልት ጌታ አይደለም። ኑዛዜ ለዘር ቆጠራ እጅግ ይረዳል፣ ሆኖም አንድ ወጥመድ አለው፦ በዘመኑ ሰው በኑዛዜ የሚያወርሰው በአብዛኛው ተንቀሳቃሽ ንብረቱን ነው፤ መሬቱ በሕግ ወደ ወራሹ ይሄዳል። ድርሻውን በቁሙ የሰጠው ልጅ በኑዛዜው ላይ ላይጠራ ይችላልና፣ ያልተጠራ ልጅ ሁሉ አልነበረም ማለት አይደለም።

ከሁሉም በላይ በዝግታ መነበብ ያለበት ጠላቶቻቸው የጻፉት ያ ወረቀት ነው። «የተከበረው የፓስተን ዘር መታሰቢያ» የሚል ምጸታዊ ርዕስ አለው። እንደሚለው ክሌመንት ደኅና ተራ ገበሬ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ማረሻ፣ ገብስ በሚዘራበት ወቅት አንዳንዴ ሁለት ማረሻ ያቆም ነበር። እህሉን በጋሪ ጭኖ ዊንተርተን ድረስ ወስዶ ይሸጣል። ቢበዛ መቶ ወይም መቶ ሃያ ኤከር መሬት ነበረው፤ አብዛኛውም ለጊሚንግሃም የሚገብር የገባር መሬት ነው፤ ከዚያ በቀር በአነስተኛ ወንዝ የምትዞር አንዲት ደካማ የውኃ ወፍጮ ነበረችው። ያገባው ጄፍሪ ሶመርተን የተባለውን ሰው እህት ነው፤ እርሷም ገባር ናት። ጄፍሪ ነገረ ፈጅም የኃጢአት ስርየት ደብዳቤ አዟሪም ነበረ፤ «ያኔ ዓለም ደግ ነበር» ይላል ጸሐፊው፣ ሳንቲም በሳንቲም ለቅሞ በሶመርተን ያማረ የጸሎት ቤት ሠራና። ክሌመንት ልጁን ዊልያምን ትምህርት ቤት ለማቆየት ብዙ ጊዜ ይበደር ነበር፤ በኋላ በአጎቱ በጄፍሪ እርዳታ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ሕግ ተማረ፣ ሀብት አፈራ፣ ሰርጀንት ሆነ፣ ዳኛ ሆነ፣ በሕግ እጅግ የተካነ ሰው ሆነ።

ይህን የጻፈ ሰው መሬቱን ለመንጠቅ የተነሳ ወገን ነው፤ ቢሆንም በጥላቻ የተጻፈ ሁሉ ውሸት አይደለም። ጸሐፊው የኤከሩን ቁጥር፣ የጉልቱን ስም፣ የገበያውን ቦታ ይሰጣል፤ እነዚህ ጎረቤት የሚያውቃቸው፣ ችሎት የሚያጣራቸው ነገሮች ናቸው። መቶ ኤከር ደግሞ፣ ከ1348–49ኙ ወረርሽኝ በኋላ በሞቱት ሰዎች መሬት ላይ የተስፋፋ ብርቱ ገበሬ ሊይዘው የሚችለው እንጂ የድኻ ይዞታ አይደለም፤ ልጁን ማስተማሩም የሚታመን ነው። በአንጻሩ ስለ ቢያትሪስ ገባርነት ሲናገር ድምፁ ይለወጣል፦ ሰው ቢጠይቅ ይታወቃል፣ እንደሚባለው፣ ይላል። በሌላው ቦታ ቁጥር የሚሰጠው ጸሐፊ እዚህ ላይ ምስክሩን ወደ አንባቢው አሻግሮታል። ወረቀቱ ውስጥ ካሉት ቦታዎች ሁሉ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ጥቃቅኑን የሕግ ነጥብ ካስተዋልን ደግሞ ወረቀቱ ሊያረጋግጥ የተነሳውን አያረጋግጥም። የገባር መሬት መያዝ ሰውን ገባር አያደርገውም፤ ነጻ ሰው የገባር መሬት ገዝቶ ግብሩን እየገበረ ነጻነቱን ይዞ ይኖር ነበር። የልጅ ማዕረግም በጋብቻ ከተወለደ የሚከተለው የአባቱን ነው፤ ነጻ ሰው ገባር ሴት ቢያገባ ልጆቻቸው ነጻ ናቸው፣ ገባር ነጻ ሴት ቢያገባ ግን ልጆቻቸው ገባር ናቸው። በዚያው በ1466 የኮመን ፕሊስ ዳኛ የሆነው ቶማስ ሊትልተን ስለ መሬት ይዞታ በጻፈው መጽሐፍ ሕጉን ያስቀመጠው እንዲህ አድርጎ ነው። ወረቀቱ መሬቱን ገባር፣ ሚስቲቱን ገባር፣ የሚስቲቱን ወንድም ገባር ይላል፤ ክሌመንት ራሱ ገባር ነው የሚለውን ቃል ግን አያወጣም። ቢያትሪስ ገባር ብትሆን እንኳ ከዚህ ብቻ ዳኛው ገባር አይሆንም። ጸሐፊው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን፣ ሊለው ያልቻለውን በዙሪያው ባለው ነገር ለማስመሰል የሞከረ ይመስለኛል።

በወረቀቱ ውስጥ ሌላም አስገራሚ ታሪክ አለ። የብሮምሆልም ገዳም አለቃ ለግብር ገንዘብ ሲያንሰው ከዊልያም ሊበደር መጣ፤ ዊልያም ግን በፓስተን የሚኖረውን ጆን አልበን የተባለ የገዳሙን ገባር በመያዣ ካልሰጠኸኝ አላበድርም አለ። አልበን እልኸኛና ጥሪት ያለው ሰው ነበርና ለአዲሱ ጌታ አልታዘዝም ብሎ አስቸገረ። ጉልት የሌለው ሰው ጉልት ያለው ለመምሰል መጀመሪያ የሚያስፈልገው ገባር ነው፤ ይህ ከተፈጸመ ዊልያም ወይም ልጁ ጌትነትን አንድ በአንድ እየገጣጠሙ ነበር ማለት ነው።

የንጉሡ ማረጋገጫ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቤተሰቡ ሰው ከማያስታውሰው ዘመን ጀምሮ በፓስተን ችሎትና ብዙ ገባሮች እንደነበሩት የሚያሳዩ አሮጌ ውሎችና የችሎት መዝገቦች ለንጉሡና ለአማካሪዎቹ አቀረበ፤ ተቀባይነትም አገኘ። ነገር ግን ይህን ማስረጃ የሰበሰቡት በመሬት ሙግት ሁለት ትውልድ ያሳለፉ የሕግ ሰዎች ናቸው፤ አሮጌ ውል የት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚነበብና ምን ሲል እንደሚያሳምን የሚያውቁ ናቸው። ውሳኔውም የመጣው ንጉሡ የኖርፎክን ጠብ ማብረድ በሚፈልግበት ሰዓት ነበር። በኋላ ዘመን፣ ቤተሰቡ ከመስፍን ዝቅ የሚለውን የያርማውዝ አርልነት ማዕረግ ሲያገኝ፣ ሐረጉ ይበልጥ ተዋበ፤ ከኖርማኖቹ ድል ሦስት ዓመት በኋላ ከፈረንሳይ የመጣ ዉልስታን የሚባል አባት ተገኘለት። ዉልስታን ግን የተሸነፉት የአንግሎ ሳክሶኖች ስም እንጂ የፈረንሳይ ሰው ስም አይደለም። እንደዚህ ያለ ነገር በብዙ የእንግሊዝ ባላባት ሐረግ ውስጥ ይገኛል፤ ከ1530 እስከ 1688 በየአውራጃው እየዞሩ የዘር ሐረግ የመዘገቡት የንጉሥ አርማ መዝጋቢዎች ቤተሰቦቹ የነገሯቸውን ብዙውን ጊዜ ተቀብለው ጽፈዋልና፣ ከአስመዝጋቢው አያት ወደ ላይ ያለው በሌላ ማስረጃ ካልተደገፈ አይታመንም።

ሚዛኑን እኔ የማስቀምጠው እንዲህ ነው፦ ክሌመንት ነጻ የሆነና የገባር መሬት ጭምር የሚያርስ የደላው ገበሬ ነበር፤ ቤተሰቡን ያወጣው በአባቱ ብድርና በነገረ ፈጁ አጎቱ ገንዘብ የተማረው ዊልያም ነው፤ ከክሌመንት በላይ ያለው የንጉሡ ማረጋገጫ የሚቆጥረው ሐረግ ሙግት የወለደው ነው። ለዚህ ፍርድ መሠረቱ አንዱ ሰነድ ከሌላው የተከበረ መሆኑ አይደለም። የክሌመንት ኑዛዜ፣ የዊልያም ግዢዎችና የመንደሩ ሰዎች ጠባይ ከጠላት ወረቀቱ ጋር ሲገጥሙ፣ ከንጉሡ ማረጋገጫ ጋር ግን አይገጥሙም።

ራሱ ሊመረምር ለሚፈልግ ሰው፣ የፍርድ ቤቶቹ መዝገብና የላንካስተር ዱቺ ሰነዶች በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት፣ የአካባቢው ኑዛዜዎችና የጉልት መዝገቦች በኖርዊች በኖርፎክ መዝገብ ቤት፣ ደብዳቤዎቹ ደግሞ በአብዛኛው በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የፍርድ ቤት ብራናዎቹን ብዙ ፎቶግራፍ በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ በኩል በነጻ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። መዝገቦቹ የተጻፉት በተቆራረጠ ላቲን ሲሆን፣ ቀኑም እኛ እንደለመድነው በቅዱሳን በዓላትና በነገሥታት ዘመን ይቆጠራል፤ በዚያ ላይ አዲሱ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ስለነበረ ፌብሩዋሪ 1444 ተብሎ የተጻፈው በዛሬው የአውሮፓውያን አቆጣጠር 1445 ሊሆን ይችላል። ከክሌመንት ወደ ኋላ አንድ ትውልድ እንኳ መሄድ የሚሻ ሰው ሥራውን ከዉልስታን ሳይሆን ከጊሚንግሃም የችሎት መዝገብ ይጀምር፤ ያ መቶ ኤከር መሬት በማን እጅ እንደነበረ፣ ወደ ክሌመንትም በውርስ ወይስ በግዢ እንደደረሰ የሚጠየቀው እዚያ ነው።